ሰበብ የሚያሳጣ ጥይት

እ. ኤ. አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1874 ዓ. ም. በኒው ዮርክ አጠገብ በሎንግ አይላንድ፤ ክሪድሙር በሚባለው የተኩስ ሜዳ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ሕዝቡ የወጣው ጦርነት ሊያይ ሳይሆን ውድድር ሊመለከት ነው። ባንድ ወገን፤ ካንድ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር የኤልቾን ጋሻ ያሸነፉት የአየርላንድ ተኳሾች፤ በሌላው ወገን ደግሞ ሩቅ መተኮስን ገና የጀመሩት አሜሪካኖች ተሰልፈዋል። ከየወገኑ 6 ሰዎች ቀረቡ። እያንዳንዱም በ800፤ በ900ና በ1000 ያርድ ርቀት 15 ጊዜ ይተኩሳል። 1000 ያርድ ማለት 914 ሜትር ነው።

አየርላንዶች ባሩዱንም አረሩንም ባፈሙዝ በኩል የሚያጎርሱት ጠበንጃ ነበራቸው። የአሜሪካኖቹ ግን በኋላ በኩል የሚጎርስ ነበር። አየርላንዶች ጨርሰው 931 ነጥብ ሲያገኙ አሜሪካኖቹ 930 ላይ ነበሩ፤ የቀራቸውም ያንድ ሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ሰውዬው ኮሎኔል ጆን ቦዲን ይባላል። ጥቂት ቀደም ሲል የመጠጥ ጠርሙስ ተሰብሮ እጁን ስለ ቈረጠው ይደማ ነበር ይባላል። እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ ተኰሰ፤ መካከሉንም መታ፤ 4 ነጥብ ተጨመረ፤ ውጤቱም 934 ለ931 ሆነ።

በዚያው ቀን ሚልነር የተባለ የአየርላንድ ተኳሽ እንዲሁ መካከሉን አጥርቶ መትቶ ነበር። ነገር ግን የመታው የራሱን ዒላማ ሳይሆን የሌላውን ሆነና ዋጋው ዜሮ ተባለ። 4 ነጥብ ጠፋ፤ አየርላንዶች የተሸነፉት ደግሞ በ3 ነጥብ ብቻ ነው። አንባቢዎቻችን ይህን ሰው በልባቸው ያቆዩልን፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

በክሪድሙር ሜዳ እ. ኤ. አ. በ1876 የተጀመረው የፓልማ ዋንጫ ዛሬም በእነዚያው ሦስት ርቀቶች ይካሄዳል። በአሜሪካኖች የ1000 ያርድ ዒላማ ላይ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 51 ሳንቲሜትር ነው። ከዚህ ርቀት የሚተኩሱ ብዙዎች ከፋብሪካ በወጣ ጥይት አይረኩም፤ ጥይታቸውን በገዛ እጃቸው ያሰናዳሉ። ለምን እንዲህ ይደክማሉ? እኛም ይህን ስንጠይቅ መልሱ ስለ ጠበንጃ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም።

ጥይት አራት ነገሮች አሉት፤ የናስ ቀለህ፤ በቀለሁ ግርጌ የምትገባ መለኮሻ፤ ባሩድና አረር ናቸው። ባሩዱና አረሩ ተቃጥለውና በርረው ይሄዳሉ፤ ቀለሁ ግን ይቀራል። አሰናጁ ይህን ባዶ ቀለህ አንሥቶ ያጸዳዋል፤ ያረጀችውን መለኮሻ ያወጣል፤ በእሳቱ ግፊት የሰፋውን ናስ በፎርማ ወደ ልኩ ይመልሳል፤ የረዘመውን አንገት ይከረክማል። ናስ ሲደጋገምበት ስለሚጠነክርና ስለሚሰነጠቅ፤ አንዳንዱ አንገቱን በእሳት አሙቆ ያለሰልሰዋል። ከዚያ ባሩዱን በሚዛን ይሰፍራል።

የባሩድ መስፈሪያው ግሬን ይባላል፤ ትርጓሜውም ፍሬ ማለት ነው፤ ጥንት በእህል ፍሬ ይመዘን ስለ ነበረ ነው። አንድ ግሬን 65 ሚሊግራም ያህላል። ጠንቃቃው አሰናጅ ግን ለግሬን ዐሥረኛ እጅ ይጨነቃል። ይህ ጭንቀት ከንቱ አይደለም። 10 ግራም ያህል የሚመዝን የፓልማ አረር ካፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 900 ሜትር ያህል ይበርራል። ሁለት ጥይቶች በፍጥነት በሴኮንድ 10 ሜትር ቢለያዩ፤ በ1000 ያርድ ላይ አንዱ ከሌላው ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ያርፋል። ያን 51 ሳንቲሜትር ክብ ስናስብ፤ ተኳሹ ሳይሳሳት ግማሹ ሊጠፋበት ነው ማለት ነው። እንግዲህ አሰናጁ የሚፈልገው ኃይል ሳይሆን እኩልነት ነው፤ አምሳኛው ጥይት እንደ መጀመሪያው እንዲሆን ነው።

ኃይል የሚሻውማ ራሱን ይጎዳል። ባሩድ የበዛበት ወይም ዓይነቱ የተሳሳተበት ጥይት ጠበንጃውን አፈንድቶ የተኳሹን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ባሩድ ሠሪው በመጽሐፍ ካወጣው ዝቅተኛ ልክ ይጀምራሉ፤ በጥቂት በጥቂቱም ይጨምራሉ፤ በጠረጴዛቸውም ላይ ከአንድ ዓይነት ባሩድ በላይ አያስቀምጡም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ማሰናዳቱ ሳይሆን መመርመሩ ነው። ሰውዬው ሦስት ጥይት ተኩሶ ሦስቱም ባንድ ስፍራ ሲያርፉለት «አገኘሁት!» ብሎ ይደሰታል። ሆኖም የስሌቱ ሕግ የሚነግረን ሌላ ነው፤ በዚያው ጠበንጃና በዚያው ጥይት ዐሥር ጊዜ ቢተኮስ የቀዳዳዎቹ ስፋት በአማካይ ከሦስቱ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። ጥይቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ሦስቱ እውነቱን ጨርሰው ስላልተናገሩ ነው። ከዚህም የሚብሰው፤ ወጣ ያለውን ቀዳዳ «እጄ ተንቀጥቅጦ ነው» ብሎ ከቍጥር ማውጣት ነው።

እዚህ ላይ እኛም ኀፍረት ተሰማን። በዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሙከራ ስንሠራ፤ በቀጥታው መሥመር ላይ አልቀመጥ ያለችውን ነጥብ ስንቱ ጊዜ በላጲስ አጥፍተናታል! ማርኩም ደግሞ ጥሩ ነበር። ዛሬም በቢሮ ውስጥ ከዕቅዱ ያልተስማማችውን ቍጥር ከሪፖርቱ ለማስቀረት እጃችን ይፈጥናል። የመምህር ዓይንና የአለቃ ዓይን ያልፈዋል፤ የ914 ሜትር ርቀት ግን አያልፈውም። ከላጲስ ያመለጠችው ነጥብ በውድድሩ ቀን በወረቀቱ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ደኅና አሰናጅ ደብተር ይይዛል፤ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል ይጽፋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ነፋሱ አይታዘዝም። በሰዓት 16 ኪሎሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ያን አረር በ1000 ያርድ ላይ ከሁለት ሜትር የበለጠ ያስተዋል። ነፋሱን መርምሮ ማነጣጠሪያውን የሚያስተካክለው ተኳሹ ነው። ታዲያ የሚሊግራም ድካም ምን ጠቀመ? ጥቅሙ ይህ ነው፤ ጥይቱ ከተስተካከለ የሳተው ሰው ስሕተቱ የት እንደሆነ ያውቃል። «ባሩዱ ነው» የሚል ሰበብ ስለማይኖረው ነፋሱን ማንበብና ራሱን መመርመር ይማራል። ጥይቱ ያልተስተካከለበት ግን ሃያ ዓመት ተኩሶ ምንም ላይማር ይችላል።

አሁን ወደ ሚልነር እንመለስ። ያን ጊዜ ባሩዱ አልከዳውም፤ ነፋሱም አላሳተውም፤ አረሩ መካከል ገብቷል። የትኛው ዒላማ የእርሱ እንደሆነ የሚነግር ሚዛን ግን በገበያ አይሸጥም። እኛም ለሥራችን መሣሪያውን ሁሉ አስተካክለን ካሰናዳን በኋላ፤ ከመተኰሳችን በፊት የዒላማችንን ቍጥር አንድ ጊዜ ቀና ብለን እንይ።