በሶፍትዌር ኩባንያ የመሥራት ጥቅምና ችግር

ማንኛውም ሥራ የራሱ የሆነ ደስታና ድካም አለው። የሶፍትዌር ኩባንያ ሥራ ግን ከብዙዎቹ በአንድ ነገር ይለያል፤ ይኸውም ጥቅሙና ችግሩ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸው ነው። ከመካከላችን ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስቡ ተማሪዎች ጥቂቶች ስላልሆኑ፥ ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ምንጩ ሥራው የሐሳብ ሥራ መሆኑ ነው። አናጢ ሁለተኛ ወንበር ለመሥራት ሁለተኛ እንጨትና ሁለተኛ ድካም ያስፈልገዋል። ፕሮግራም ግን አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ለአንድ ሰውም ሆነ ለሚሊዮን ሰው ለማባዛት የሚጠይቀው ወጪ እጅግ ትንሽ ነው።

ጥቅሙ ከዚህ ይመነጫል። የዋትስአፕ ኩባንያ ለፌስቡክ እንዲሸጥ በ2014 ስምምነት ሲደረግ፥ ተጠቃሚዎቹ ወደ 450 ሚሊዮን ሲደርሱ ሠራተኞቹ ግን 55 ያህል ብቻ ነበሩ። የሽያጩም ዋጋ ወደ 19 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። ጥቂት ሰዎች ይህን ያህል ሀብት የሚያስገኙ ከሆነ፥ ኩባንያዎች ለጥሩ ባለሙያ ከፍ ያለ ደመወዝ መክፈላቸውና ብዙዎቹም የአክሲዮን ድርሻ መስጠታቸው አያስደንቅም። በዚህ ላይ ወጣቱ ሠራተኛ የእጁ ሥራ በሩቅ አገር ላሉ ሰዎች ሲያገለግል የማየት ደስታ አለው።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚያው ነው። በመጀመሪያ፥ ሐሳብ እንደ ሸክም ተከፋፍሎ አይነሣም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ በ1964 ሲስተም 360 የተባሉትን ኮምፒዩተሮች ካስታወቀ በኋላ፥ የኮምፒዩተሮቹን ሥራ የሚመራውን ዋና ፕሮግራም ለማዘጋጀት በአንድ ወቅት ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ተሰማርተው ነበር፤ ሆኖም ሥራው ከተወሰነለት ቀን ዘገየ። ሥራውን ከመሩት አንዱ ሚስተር ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ በዘገየ የፕሮግራም ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረድተዋል። ምክንያቱም ነባሮቹ ሥራቸውን አቋርጠው አዲሶቹን ማስተማር አለባቸው፤ መነጋገሩም ይበዛል። 5 ሠራተኞች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢነጋገሩ 10 ጥንድ ይሆናሉ፤ 20 ቢሆኑ ግን 190 ጥንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ድካሙ በነባሮቹ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛ፥ የሐሳብ ሥራ በሜትር ወይም በኪሎ አይለካም። ማይክሮሶፍት ለብዙ ዘመን ሠራተኞቹን እርስ በርስ እያነጻጸረ በደረጃ ይመድብ ነበር። በእንዲህ ያለ አሠራር ሁሉም ጥሩ ቢሠሩ እንኳ አንዱ ከታች መገኘቱ አይቀርም፤ ባልንጀራን መርዳትም ራስን እንደ መጉዳት ሊቈጠር ይችላል። ኩባንያው ይህን ልማድ በ2013 አስቀርቶታል።

ሦስተኛ፥ ጥቂት ሰው ብዙ ሊሠራ የሚችል ከሆነ፥ ኩባንያው ገቢው ሲቀንስ ሠራተኛ ለማሰናበት ይቀለዋል። ሜታ በኅዳር 2022 ከ11,000 በላይ ሠራተኞችን አሰናብቷል። መሪው ሚስተር ማርክ ዙከርበርግ እንደ ገለጹት፥ በወረርሽኙ ጊዜ የታየው የኢንተርኔት ገበያ እድገት ይዘልቃል ብለው ወጪ አብዝተው ነበር፤ ግምታቸው ግን አልተሳካም። ከዚህ እንደምንረዳው፥ የተሰናበተ ሠራተኛ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ተማሪ የደመወዙን ልክ ብቻ ጠይቆ መመለስ አይገባውም። ቀነ ገደቡን የሚወስነው ማን ነው? ሥራው የሚመዘነው በምንድን ነው? ኩባንያው የሚተዳደረው ከሽያጭ በሚያገኘው ገቢ ነው ወይስ ነገ ይገኛል በሚል ተስፋ? እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ጥቅሙን ሲቀበል ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ ከሥራው ቢሰናበትም እንኳ የራሱን ችሎታ አይጠራጠርም።