አምባር ያጠለቀው ቀስተኛ

ጀግንነት የወንድ ብቻ ጠባይ ነው የሚል አሳብ በብዙ አገር የቆየ ነው፤ የህንዶች የጥንት መጽሐፍ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ያየዋል። ማሃባራታ የሚባለው ታላቅ የጦር ታሪክ፥ በቀስት የሚተካከለው ያልነበረው አርጁና ከወንድሞቹ ጋራ እንደ ተሰደደ ይተርካል። 12 ዓመት በዱር ከኖሩ በኋላ 13ኛውን ዓመት ማንም ሳያውቃቸው እንዲፈጽሙ ግዴታ ስለ ነበረባቸው፥ አርጁና ጠጕሩን ተሠርቶ፥ አምባር አጥልቆ፥ የሴት ልብስ ለብሶ በንጉሥ ቪራታ ግቢ እንደ ጃንደረባ አደረ። ሥራውም ለንጉሡ ሴት ልጅ ዘፈንና ጭፈራ ማስተማር ነበረ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠላት የንጉሡን ከብት ነዳ። በእልፍኝ በሴቶች መካከል ይፎክር የነበረው ወጣት ልዑልም ሠረገላ ነጂ አጣሁ ብሎ አመካኘ። ጃንደረባው ሊነዳለት ተነሣ፤ ልጃገረዶቹም ከጠላት መኳንንት ልብስ ለአሻንጉሊቶቻቸው የሚሆን ጨርቅ እንዲያመጣላቸው ለመኑት። ልዑሉ ሠራዊቱን ባየ ጊዜ ከሠረገላው ዘሎ ሸሸ፤ አርጁናም ሹሩባው እየተወዛወዘ ቀሚሱ እየተውለበለበ ሲከተለው የጠላት ወታደሮች ሳቁበት። ነገር ግን ልዑሉን ይዞ መለሰው፤ ከዛፍ ላይ ተሸሽጎ የነበረውን ቀስቱን አስወረደ፤ አምባሩን አወለቀ፤ ልዑሉን ነጂ አድርጎ ሠራዊቱን ብቻውን ድል ነሣ። ጨርቁንም ለልጃገረዶቹ አመጣላቸው። ለእኔ ከድሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ጨርቅ ነው፤ በዚያ ሰዓት የአሻንጉሊት ነገር የማይረሳ ጦረኛ ብዙ አይገኝም።

ከዚህ በኋላ በትልቁ ጦርነት መጀመሪያ ይኸው ሰው ዘመዶቹን በጠላት ወገን ተሰልፈው ባየ ጊዜ ቀስቱን ጥሎ ተቀመጠ። ሠረገላ ነጂው ክሪሽና የገሠጸበት ቃል በሳንስክሪት ቋንቋ ከጃንደረባ ስም የወጣ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል፤ አርጁና ጃንደረባ መስሎ በኖረበት ዓመት ልቡ አልከዳውም፤ የከዳው ሙሉ የጦር ትጥቁን ታጥቆ ሳለ ነው። ወንድ ልጁን «እንደ ሴት አትሁን» እያለ የሚያሳድግ አባት ይህን ቢያነብ መልካም ነበር።

ባጋቫድ ጊታ የሚባለው 700 ስንኝ ያለው ክፍል ይህንኑ ተግሣጽና ምክር የያዘ ነው። በ10ኛው ምዕራፍ ክሪሽና በሴት ጾታ ከሚጠሩት ነገሮች ዝናን፥ ሀብትን፥ ንግግርን፥ ማስታወስን፥ ማስተዋልን፥ ጽናትንና ትዕግሥትን የራሱ አድርጎ ይቈጥራል። በ18ኛው ምዕራፍ ደግሞ የጦረኛ ጠባይ ሲዘረዘር ያው ጽናት ከጀግንነት ጋራ ተመልሶ ይገኛል።

አሳቡ በድንጋይም ተቀርጿል። በሙምባይ አጠገብ ባለችው በኤሌፋንታ ደሴት ዋሻ ውስጥ ሺቫ የተባለው አምላካቸው ቀኙ ወንድ፥ ግራው ሴት ሆኖ ይታያል። የሐታ ዮጋ መምህራንም የእስትንፋስን መንገድ የቀኙን የፀሐይ፥ የግራውን የጨረቃ ብለው፥ ሁለቱን ማስማማት ከትምህርታቸው ዋና ክፍል አድርገውታል።

በድንጋይ የተከበረው ግን በትምህርት ቤት በር ላይ ሁልጊዜ አልተከበረም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት በማይሶር ዮጋ ያስተምር የነበረው ስመ ጥሩው ክሪሽናማቻርያ፥ ኢንድራ ዴቪ የተባለች በሪጋ የተወለደች ሴት ልማር ብላ በመጣች ጊዜ አልቀበልም አላት። የተቀበላት የማይሶር ማሃራጃ ስለ ጠየቁላት ነው። ትጋቷን ካየ በኋላ ግን ሌሎችን እንድታስተምር ያዘዛት እርሱ ራሱ ነበር፤ እርሷም በ1947 በአሜሪካ በሆሊውድ የዮጋ ትምህርት ቤት ከፈተች።