«ልጄ እዚያ ማን አለው?»



አንዲት እናት ለዝግጅታችን በላኩት ጥያቄ፣ ልጃቸው አሜሪካ ውስጥ ለዶክትሬት ትምህርት ተቀባይነት ማግኘቱን ገልጸው፣ «ዘመድ የለው፣ አገሩን አያውቅ፤ ቢታመም፣ ቢቸግረው፣ እዚያ ማን አለው?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ የእርሳቸው ብቻ ስላልሆነ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከውጭ ለመጣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚሰጥ እናያለን።

እ.ኤ.አ. በ2023/24 የትምህርት ዘመን በአሜሪካ የነበሩ የውጭ ተማሪዎች ከ1 ሚሊዮን 1 መቶ ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ወደ 5 መቶ ሺህ የሚጠጉት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለእነርሱ የተለየ ቢሮ አላቸው። ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ እኛ «የውጭ ተማሪዎች ቢሮ» እንበለው። ተማሪው ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ይዞት የሚሄደውን አይ-20 የተባለውን ወረቀት የሚያዘጋጀው ይኸው ቢሮ ነው። ሴቪስ በተባለውና እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ በጀመረው የመንግሥት መዝገብ ላይ የተማሪውን ሁኔታ የሚያሳውቀውም እርሱ ነው።

በዚህ የተነሳ ብዙ ልጆች ቢሮውን እንደ ፖሊስ ይሸሹታል። እርግጥ ነው፣ ቢሮው የተማሪው ጠበቃ አይደለም፤ ሕጉ ሪፖርት አድርግ ያለውን ያደርጋል። ነገር ግን ከመሸሽ የሚመጣው ጉዳት ከመጠየቅ ከሚመጣው እጅግ ይበልጣል። እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ትምህርቱ የከበደው ተማሪ አንድ ኮርስ በኮምፒውተር ከፍቶ መሰረዝ ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት የሚከለክለው ላይኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት በታች ከወረደ ሕጋዊ ቆይታው አደጋ ላይ ይወድቃል። ይኸው ተማሪ ኮርሱን ከመሰረዙ በፊት ወደ ቢሮው ቢሄድ ኖሮ፣ ታሞ ከሆነ በሐኪም ማስረጃ፣ ወይም መጀመሪያ ላይ ቋንቋውና የትምህርቱ አሰጣጥ ከብዶት ከሆነ በዚሁ ምክንያት፣ የኮርስ ጭነቱ እንዲቀነስለት ሊፈቀድለት ይችል ነበር። ችግሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ቀድሞ መጠየቅና በኋላ መጠየቅ ብቻ ነው።

የሥራ ጉዳይም እንደዚሁ ነው። ኤፍ-1 በተባለው የተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት የሚሠራውም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ታዲያ ከተማው ውስጥ ያገኘው የአገር ልጅ በቅን ልቦና፣ «ቅዳሜና እሁድ ሬስቶራንት ሥራ አለ፣ ማን ያይሃል!» ሊለው ይችላል። እንዲህ ያለውን ምክር አለመቀበል ይሻላል። ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ ተሠርቶ የሚገኝ ጥቂት ዶላር የአምስት ዓመት ትምህርት ሊያሳጣ ይችላል። ያልታሰበ የገንዘብ ችግር ከደረሰበት፣ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ካጠናቀቀ በኋላ በቢሮው በኩል ለኢሚግሬሽን አመልክቶ ልዩ የሥራ ፈቃድ የሚጠይቅበት መንገድ አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ገንዘብና ለተማሪ ምግብ በነፃ የሚሰጡበት ክፍል አላቸው። እዚያ ሄዶ ሩዝና ምስር መውሰድ ነውር አይደለም።

የድኅረ ምረቃ ተማሪን ከሌላው የሚለየው ግን ኑሮው በአንድ ሰው፣ ማለትም በአማካሪ ፕሮፌሰሩ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ደመወዙም፣ ምርምሩም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም በእርሱ በኩል ያልፋሉ። እኛ መምህርን አክብረን፣ አንገታችንን ደፍተን ነው ያደግነው። መልካም አስተዳደግ ነው፤ ሆኖም እዚያ ዝም ያለ ተማሪ «ገብቶታል» ተብሎ ይታለፋል። ከአማካሪው ጋር ለተጣላ ወይም በደል ለደረሰበት ተማሪ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ኦምቡድስ የሚባል ገለልተኛ ክፍል አላቸው። ይህ ክፍል ጉዳዩን በምሥጢር ሰምቶ አማራጮችን ያሳያል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። አማካሪ መቀየርም የሚቻል ነገር ነው፤ ነገር ግን አዲሱን አማካሪና የደመወዙን ምንጭ ሳያረጋግጡ የቀድሞውን መልቀቅ አይገባም።

የጽሑፍ ማዕከል የሚባልም አለ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ያገለግላል። ሰዋስው አርመው የሚመልሱለት የመሰለው ልጅ ቅር ሊለው ይችላል። የእነርሱ ሥራ አጠገቡ ተቀምጠው «እዚህ ላይ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» እያሉ ራሱ እንዲያርም ማድረግ ነው። ምንጭ አጠቃቀስንም በሚገባ ያስረዳሉ። የሌላውን ጽሑፍ ምንጭ ሳይጠቅሱ መውሰድ እዚያ እስከ መባረር የሚያደርስ ጥፋት ስለሆነ፣ ይህን ቀድሞ መማር ብልህነት ነው።

ስለ ሕመም እናታችን ላነሱት፣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪ የጤና ኢንሹራንስ እንዲኖረው ያስገድዳሉ። ኢንሹራንስ አለ ማለት ግን ሁሉ ነገር በነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ከከባድ ሕመም በስተቀር በቅድሚያ ወደ ግቢው ክሊኒክ መሄድ ወጪ ይቀንሳል። የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጥበት ክፍልም አለ። በእኛ ዘንድ ወደዚያ መሄድ ከእብደት ይቆጠራል። ነገር ግን ብቸኝነቱ፣ ብርዱና ከሽፎ የሚያድረው ምርምር ተደማምረው እንቅልፍ የነሱት ልጅ አላበደም፤ ሰው ያስፈልገዋል። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሌለ በስተቀር እዚያ የተነገረው ለፕሮፌሰሩም ለትምህርት ክፍሉም አይደርስም።

ስለ ዲኑም ቢሆን ፈጽሞ ብቻውን አይሆንም። የአሜሪካና የካናዳ የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1963 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ ግቢዎች ተመሳሳይ ማኅበራት አሉ። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1999 የሙሉ ጊዜ ኢማም ቀጥሯል። የመስገጃ ክፍል የትም ይገኛል ማለት ግን አንችልም፤ ቀድሞ መጠየቅ ያሻል። የጁሙዓ ሰዓት ከትምህርት ጋር ከተጋጨ ወይም ዒድ በፈተና ቀን ከዋለ፣ ሴሚስተሩ እንደተጀመረ ለመምህሩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል። በዋዜማው የሚቀርብ ጥያቄ ሰሚ አያገኝም።

አንድ ነገር ለእናታችን እንጨምር። እርስዎ ከዚህ ሆነው ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢደውሉ ስለ ልጅዎ ትምህርት ላይነግሩዎት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ የተማሪን የትምህርት መዝገብ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ሰው፣ ለወላጅም ቢሆን፣ በዘፈቀደ እንዳይሰጡ ያግዳቸዋል። በንቀት አይመልከቱት። ልጅዎ እንደደረሰ የእርስዎን ስልክ በአደጋ ጊዜ ተጠሪነት ያስመዝግብ፤ እንግሊዝኛ የሚናገር የቅርብ ሰው ስልክም አብሮ ይስጥ። የውጭ ተማሪዎች ቢሮውን ስልክ ደግሞ ከመሄዱ በፊት በወረቀት ጽፎ ቤት ይተውልዎት።