ሐያእና ዝምታ አንድ አይደሉም
ልጆቻችን ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሲደርሱ ማን ይንገራቸው?

ልጆቻችንን ስለ ሶላት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጓደኛ አመራረጥ እንመክራቸዋለን። በጉርምስና ወቅት ሰውነታቸውና ስሜታቸው ስለሚያሳየው ለውጥ ግን አብዛኞቻችን አንዲት ቃል አንተነፍስም። «ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ያውቁታል» እንላለን። እውነት ነው፣ ያውቁታል። ቁም ነገሩ ግን ከማን ያውቁታል? የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጠዋት በመደበኛ ትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ ደግሞ በመድረሳ ያስተምራል። በሁለቱም ቦታ የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። በመድረሳ «ሰፊነቱ ነጃህ»ን የሚቀሩ ልጆች ሦስቱን የብሉግ ምልክቶች በቃላቸው ይደረድራሉ፦ ለወንድም ለሴትም 15 ዓመት መሙላት፣ ከ9 ዓመት ጀምሮ ኢሕቲላም፣ ለሴት ደግሞ ከ9 ዓመት ጀምሮ ሐይድ። «ኢሕቲላም ምን ማለት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ግን ሁሉም አንገታቸውን ይደፋሉ። በትምህርት ቤት በኩል ደግሞ የባዮሎጂ መጽሐፉ ስለ ሥነ ተዋልዶ ሥዕል ሳይቀር ይዟል። ተማሪዎቹ ይሳሳቃሉ፤ መምህሩ «ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ምዕራፉን ያልፈዋል። እቤት ሲደርሱ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ስማቸውን ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት እንዲጠይቁ ዕድል ሲሰጣቸው ግን የሆዳቸውን ያወጡታል። አንዱ «በረመዳን ቀን ተኝቼ በሕልሜ ፈሳሽ ወጣኝ፤ ጾሜ ተበላሽቷል?» ይላል። አንዷ «በረመዳን የወር አበባዬ ሲመጣ ወንድሞቼ እንዳያውቁብኝ ብዬ ሳልበላ እውላለሁ፤ ወንጀል አለብኝ?» ትላለች። ሌላው ሕልመ ሌሊት የበሽታ ምልክት መስሎት ወራት በጭንቀት አሳልፏል። እንዴት እንደሚታጠብ ስላላወቀም ሶላቱን ትቷል። በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ «ትልቅ ሰው ሰውነቴን ቢነካኝ ለማን እናገራለሁ?» የሚል ጥያቄ ሰፍሯል። ወረቀቱ ስም የለውም።

ውድ ወላጆች፣ እነዚህ የባለጌ ልጆች ጥያቄዎች አይደሉም። ዲናቸውን በትክክል ለመያዝ የሚሹ፣ የሚነግራቸው ግን ያጡ ልጆች ጥያቄዎች ናቸው።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን እንዴት ነበር?

ሐያእ ከእምነት ነው። ነገር ግን ሐያእ ሶሓቦችን ከመጠየቅ አላገዳቸውም። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) ወደ ነቢዩ መጥተው፣ አላህ ከእውነት እንደማያፍር አስቀድመው በመናገር፣ ሴት ልጅ ሕልመ ሌሊት ካየች መታጠብ እንዳለባት ጠየቁ። ነቢዩም ፈሳሹን ካየች አዎን ሲሉ መለሱ። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) በዚያው ቦታ ነበሩና አፍረው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ያም ኾኖ ሴትም እንዲህ ይገጥማት እንደኾነ ጠየቁ፤ መልስም አገኙ። ሐያእም ነበረ፣ ጥያቄም ነበረ። አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

ዐሊይ (ረ.ዐ.) ስለ መዝይ ለመጠየቅ ፈለጉ። የነቢዩ ልጅ ባለቤታቸው ስለነበሩ ግን አፈሩ። ቢኾንም ጥያቄውን ውጠው አልቀሩም፤ ሚቅዳድን (ረ.ዐ.) ልከው አስጠየቁ። ከዚህ የምንማረው፣ ልጅ ከአባቱ ጋር ፊት ለፊት ለመነጋገር ካፈረ በአጎት ወይም በኡስታዝ በኩል መንገድ ሊበጅለት እንደሚገባ ነው።

ከሁሉም የሚደንቀው ዝሙት እንዲፈቀድለት በግልጽ የጠየቀው ወጣት ታሪክ ነው። ኢማም አሕመድ እንደዘገቡት በቦታው የነበሩ ሰዎች ሲቆጡት ነቢዩ አስጠግተው አስቀመጡት። ለእናትህ፣ ለልጅህ፣ ለእህትህ፣ ለአክስቶችህ ትወደዋለህ ወይ እያሉ ጠየቁት። ሰዎችም ለቤተሰቦቻቸው እንደማይወዱት አስረዱት። ከዚያም እጃቸውን አኑረውበት ዱዓእ አደረጉለት። ዛሬ ልጃችን የዚህን ጥያቄ ሩብ እንኳ ቢጠይቅ ስንቶቻችን አስጠግተን እናስቀምጠዋለን?

መቼ እንጀምር?

ቁርኣን በሱረቱ ኑር (24፡58-59) ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች እንኳ በሦስት ጊዜያት፣ ማለትም ከፈጅር በፊት፣ በቀትርና ከዒሻእ በኋላ፣ ወደ ወላጆቻቸው ክፍል ሲገቡ እንዲያስፈቅዱ ያዝዛል። ሐዲስም ልጆች 10 ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለይ ያስተምራል። እንግዲህ ትምህርቱ የሚጀምረው በጉርምስና ሳይኾን በልጅነት ነው። ልጁ የሰው ገመና እንደሚከበር፣ የእርሱም ገላ እንደሚከበር ከዚሁ ይማራል።

ሐኪሞች እንደሚሉት የአካል ለውጥ በሴቶች ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ስለኾነም ሴት ልጅ ደም ከማየቷ በፊት ልትነገር ይገባል። ሳትሰማ የደረሰባት ልጅ ጀሪካን ስትሸከም የተጎዳች ሊመስላት ይችላል። እናት ለልጇ እንዲህ ትበላት፦ «ልጄ፣ ይህ በሽታ አይደለም፤ አላህ በሴቶች ላይ የወሰነው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጊዜው ሊዛባ ይችላል። ሞዴስሽ እዚህ አለልሽ፤ ሲያልቅ ንገሪኝ። በእነዚህ ቀናት አትሰግጂም፣ አትጾሚም። ሶላቱ ቀዷእ የለውም፤ ጾሙን ግን በኋላ ታወጫለሽ።» በረመዳን ደግሞ ልጅቷ ሳትሳቀቅ የምትመገብበትን ቦታ ማመቻቸት የእናት ብቻ ሳይኾን የአባትና የወንድሞችም አደብ ነው።

አባትም ልጁን ከመስጂድ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ያጫውተው። ሕልመ ሌሊት የጤና ምልክት መኾኑን፣ በእንቅልፍ የመጣ በመኾኑ ወንጀል እንደሌለበት፣ ጾምንም እንደማያፈርስ፣ ነገር ግን ለሶላት ገላን መታጠብ ግዴታ እንደሚያደርግ ይንገረው። ኒያውን፣ ውሃው መላ ገላን እንዲያዳርስ ማድረጉን ያሳየው።

እናት ለሥራ ዐረብ አገር ከሄደች ወይም አባት በሕይወት ከሌለ አክስት፣ አያት ወይም አጎት ይህን አደራ ይቀበሉ። የማናውቀውን ከተጠየቅን ዓሊም ወይም የጤና ባለሙያ ጠይቀን እንመለስ። «ይህን ከማን ሰማህ?» የሚል ቁጣ ግን የልጁን የመጨረሻ ጥያቄ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ መምህሩ በእጁ የያዘው ስልክ ነው፤ ስልኩም አያፍርም፣ አያዝንለትም።

ስሜትስ?

የጾታ ስሜት በራሱ ርኩሰት አይደለም፤ አላህ የፈጠረው ነው፤ ቦታውም ትዳር ነው። ልጆች «ሐራም ነው» ከሚለው ጋር ምክንያቱንም ይስሙ። ዓይንን መስበር በቁርኣን አስቀድሞ የታዘዘው ለወንዶች፣ ቀጥሎም ለሴቶች እንደኾነ ይወቁ። የሴቷን ብቻ እየጠበቅን ወንዱን ልቅ መተው ፍትሕ አይደለም። ነቢዩ ማግባት የሚችል ወጣት እንዲያገባ፣ ያልቻለ እንዲጾም መክረዋል።

አንዳንድ ወላጅ ግን ጭንቀቱን ልጁን ያለ ዕድሜዋ በመዳር ሊገላገል ይሻል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻን በወንጀል ይቀጣል። ገና ያልጠነከረ ሰውነት በምጥ መራዘም ለፊስቱላ ይጋለጣል። ጥያቄዋን በጋብቻ መዝጋት መልስ አይኾንም።

ስም የሌለው ወረቀት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ልጆችን የሚደፍር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው ነው። ስለ ገላው እንዲናገር ያልተፈቀደለት ልጅ ደግሞ በገላው ላይ የተፈጸመበትን በደል መናገር አይችልም፤ ቃሉም የለውም። ስለዚህ ለወንዱም ለሴቷም፣ ማንም ይኹን ማን ሰውነታቸውን ቢነካ እንዲነግሩን፣ ቢነግሩንም እንደማንቆጣቸው አስቀድመን ቃል እንግባላቸው።

ክፉው ከደረሰ ልጁን «ምን አድርገህ ነው?» አንበለው፤ እንመነው። ልብሱን ሳናጥብ ፈጥነን ወደ ሆስፒታል እንውሰደው። ኤች.አይ.ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና። ለፖሊስም እናመልክት። ገመናን መሸፈን ተወዳጅ ቢኾንም በዳይን በሽምግልና ሸፍኖ ሌላ ልጅ እንዲበድል መልቀቅ ከኢስላም አይደለም።

ወላጆች ሆይ! ልጆች በእጃችን ያሉ አማናዎች ናቸው። ዛሬ ማታ ከመግሪብ በኋላ አንዷን ጥያቄ ራሳችን እንጀምርላቸው። አላህ አንደበታችንን ያግራልን፣ ልጆቻችንንም ከግልጹም ከስውሩም ክፋት ይጠብቅልን። አሚን።