የኮሌጆች ወጪና የግብር ከፋዩ የመጠየቅ መብት

በደቡብ ጎንደር ዞን የሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አካባቢዎች በርካታ ልጆቻቸውን ለከፍተኛ ትምህርትና ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ይልካሉ። ቅርባቸው የሆነችው የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያሉባት ናት። እነዚህ ተቋማት የሚተዳደሩት በመንግሥት በጀት ነው። የበጀቱ አንዱ ምንጭ ደግሞ የእነዚሁ ወረዳዎች ነዋሪ የሚከፍለው ግብር ነው።

አርሶ አደሩ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ይከፍላል። የመንግሥት ሠራተኛው የገቢ ግብር ደመወዙ እጁ ሳይገባ ይቀነሳል። በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ገበያ የሚሸምተው ሰውም ታክሱ በሚመለከታቸው ዕቃዎች ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። በሌላ በኩል በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ የምግብ ዋስትናቸው ያልተረጋገጠ ቤተሰቦች በ1997 ዓ.ም በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲታቀፉ ቆይተዋል። ንፋስ መውጫና አካባቢዋ በ2013 ዓ.ም ነሐሴ ወር በጦርነቱ ጉዳት የደረሰባቸው መሆኑም ይታወሳል። በእንዲህ ያለ አካባቢ ያለአግባብ የወጣ አንድ ብር የጤና ጣቢያን መድኃኒት ወይም የትምህርት ቤትን ጥገና የሚያስቀር ገንዘብ ነው።

ይሁንና የወረዳ አመራሮችና ሠራተኞች ስለ ኮሌጆች ወጪ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ጉዳዩ ለማን እንደሚቀርብ ለይቶ ማወቅ ይጠበቅባቸዋል። ገንዘቡ የሚፈሰው በሁለት የተለያዩ መስመሮች ስለሆነ ተጠያቂነቱም ሁለት መስመር አለው።

የመጀመሪያው የፌዴራል መስመር ነው። በ2004 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም በመሆኑ በጀቱ በየዓመቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል። ሒሳቡን የሚመረምረው የፌዴራል ዋና ኦዲተር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ዋና ኦዲተሩ ወጪው በተፈቀደው በጀት መሠረት በአግባቡ መዋሉን መርምሮ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል።

ሁለተኛው የክልል መስመር ነው። የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጆች እንዲሁም የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ተጠሪነታቸው ለክልሉ ነው። የክልሉን በጀት የሚያጸድቀው የክልሉ ምክር ቤት፣ ሒሳቡን የሚመረምረውም የክልሉ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነው። የደቡብ ጎንደር ዞን እንደ ብሔረሰብ ዞኖች የራሱ ምክር ቤት ስለሌለው ጥያቄው በዞን ደረጃ ተቋጭቶ ሊቀር አይገባም፤ ለክልሉ መድረስ አለበት።

የኦዲት ግኝት ሲባል ሁልጊዜ ስርቆት ማለት እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለምክር ቤቱ ባቀረባቸው ሪፖርቶች የዩኒቨርሲቲዎች ስም በተለያዩ ዓመታት በተደጋጋሚ ተነስቷል። ከሚነሱት ጉድለቶች መካከል በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ፣ የተሟላ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪና የግዥ ሕግን ያልተከተለ ግዥ ይገኙበታል። ያልተወራረደ ሒሳብ ለሥራ በቅድሚያ የተሰጠ ገንዘብ ደረሰኝ ሳይቀርብበት ወይም ተመላሽ ሳይደረግ ሲቀር የሚፈጠር ነው። ገንዘቡ ተሰርቋል ለማለት አያስችልም፤ በአግባቡ ሥራ ላይ ውሏል ለማለትም አያስችልም። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ገንዘቡን የወሰደው ሠራተኛ ይለቃል፣ ማስረጃው ይጠፋል፣ ገንዘቡም ሳይመለስ ይቀራል።

የንብረት ጉዳይም እንዲሁ ነው። የተገዛ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ካልሆነና በሞዴል 22 ወጪ ካልተደረገ ክፍያው ቢፈጸምም ዕቃው የት እንደደረሰ ማረጋገጥ አዳጋች ይሆናል። በተለይ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ ወር የተረፈ በጀት ተመላሽ እንዳይሆን በሚል የሚፈጸም ጥድፊያ የታከለበት ግዥ ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት በር ይከፍታል። መፍትሔው የግዥ ዕቅድን በሐምሌ አዘጋጅቶ አፈጻጸሙን በየሩብ ዓመቱ መከታተል ነው።

ትንሽ የሚመስል ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የተማሪዎች ምግብ ጥሩ ማሳያ ነው። ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቀን ይመደብ የነበረው 22 ብር የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። በዚህ ስሌት አንድ ሺህ ተማሪ ለመመገብ በቀን 100 ሺህ ብር፣ በ30 ቀን ደግሞ 3 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። ትምህርታቸውን ያቋረጡ 20 ተማሪዎች ስም ከመመገቢያ ዝርዝር ሳይሰረዝ ቢቀር በወር 60 ሺህ ብር ለማይገኝ ሰው ወጪ ተደረገ ማለት ነው። ስለሆነም የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቱ፣ የተማሪዎች አገልግሎትና የፋይናንስ ክፍሉ መዝገባቸውን በየወሩ ማመሳከራቸው ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ተማሪውም ቢሆን በነጻ እንደሚማር ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም። በከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተመራቂው የምግብና የመኝታ ወጪውንና ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየቀነሰ እንዲከፍል ተደንግጓል። በዚህም ምክንያት አንድ የስማዳ ወይም የእስቴ ቤተሰብ በወላጁ ግብርም በልጁ ዕዳም ከፋይ ነው።

የግኝቱ መታወቅ ብቻውን ግን ፋይዳ የለውም። ኦዲት የተደረገው ተቋም የእርምት መርሐ ግብር ማቅረብ፣ መመለስ ያለበትን ገንዘብ ማስመለስና ጥፋት በፈጸመው ላይ እርምጃ መውሰድ ይኖርበታል። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮችን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችን በይፋዊ ስብሰባ እየጠራ ማብራሪያ ሲጠይቅ የቆየውም ለዚህ ነው። የወንጀል ፍንጭ ሲኖር ጉዳዩ ወደ ፍትሕ አካላት ይመራል። ያው ግኝት በተከታታይ ዓመታት ሲደጋገም ግን ችግሩ የሒሳብ ሠራተኛው መሆኑ ቀርቶ የሥራ አመራሩና የቦርዱ ይሆናል።

ጉዳዩን ይበልጥ አስፈላጊ የሚያደርገው የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ መሆን ነው። በ2015 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ራስ ገዝነት በገንዘብ አጠቃቀም ረገድ ሰፊ ነጻነት የሚሰጥ በመሆኑ ቁጥጥሩም በዚያው መጠን መጠናከር ይኖርበታል።

የወረዳ አመራሮችና የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ ረገድ ዳር ቆመው የሚመለከቱበት ምክንያት የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው አረጋግጦ ምላሹ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል። ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ፣ የአካባቢውን የክልልና የፌዴራል ምክር ቤት ተወካዮች የኦዲት ሪፖርቱን ይዘው እንዲያስረዱ መጋበዝ እንዲሁም ጥቆማን ለተቋሙ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ማድረስ ይቻላል።

ግብርን በወቅቱ መሰብሰብ የወረዳው ኃላፊነት የሆነውን ያህል የተሰበሰበው ገንዘብ ለምን እንደዋለ ለከፋዩ ማስረዳትም የመንግሥት አካላት ሁሉ ግዴታ ነው። የከፈለው ግብር ልጁን ለማስተማር መዋሉን በሒሳብ የተረዳ ነዋሪ በሚቀጥለው ዓመትም ግብሩን በፈቃደኝነት ይከፍላል።