የተቋረጠው መስመሩ ነው ወይስ ስሙ?

ኮምፒውተሩ ዋይፋይ ይዟል፣ ቴሌግራም መልእክት ያስገባል፣ ብሮውዘሩ ግን አንድም ድረ ገጽ አልከፍትም ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል፤ አልሆን ሲለው ኮምፒውተሩን ፎርማት ለማስደረግ ይነሳል። ሁለቱም የችኮላ እርምጃዎች ናቸው። ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት የተቋረጠው መስመሩ ይሁን ወይስ የስም ፍለጋው ብቻ መለየት አለበት፤ ይህን ሳያውቁ ቅንብር መቀያየር አንዱን ብልሽት ሁለት ያደርገዋል።

ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነው፤ እኛ የምንጽፈው ግን ስም ስለሆነ፣ ለስሙ ቁጥሩ መፈለግ አለበት። እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ የስሞችና የቁጥሮች ዝርዝር ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ተቋም በፋይል ተይዞ ለሁሉም ይገለበጥ ነበር። ኔትወርኩ ሲሰፋ ይህ አላዋጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ሥራውን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍለውን ዲኤንኤስ ነደፈ። የዚያ ፋይል ዝርያ ዛሬም «ሆስትስ» በሚል ስም በየኮምፒውተሩ አለ። ሌላው ሁሉ ሠርቶ አንድ ድረ ገጽ ብቻ እምቢ ካለ፣ እዚያ ውስጥ የቀረ አሮጌ መስመር እንዳለ ማየት ተገቢ ነው። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን ቁጥር አስቀድሞ ስለያዘ ስም ሳይጠይቅ መገናኘት ይችላል፤ እሱ እየሠራ ብሮውዘሩ መቆሙ ራሱ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ 8.8.8.8 የሚለውን የጉግል ቁጥር ፒንግ ማድረግ፤ ከዚያ የአንድ ድረ ገጽ ስም። ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ ስሙ «አልተገኘም» ከተባለ ጉዳዩ የዲኤንኤስ ነው። (ፒንግ የሚዘጉ ኔትወርኮች ስላሉ መልስ መጥፋቱ ብቻውን መስመሩ መቋረጡን አያረጋግጥም።) ቀጥሎ ኤንኤስሉክአፕ የተባለው ትእዛዝ ኮምፒውተሩ የትኛውን ሰርቨር እንደሚጠይቅ ከላይ ያሳያል። የሚታየው በሌላ ኔትወርክ ላይ በእጅ ተሞልቶ የቀረ ቁጥር ከሆነ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ቅንብሩን ወደ «አውቶማቲክ» መመለስና የተጠራቀመውን የስም መዝገብ ማጽዳት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

«ይህ ሁሉ ለምን? የጉግልን 8.8.8.8 ወይም የክላውድፍሌርን 1.1.1.1 ሞልቶ መገላገል ነው» የሚሉ አሉ። የኢንተርኔት አቅራቢው ዲኤንኤስ ሰርቨር ሲታመም በእርግጥ ይረዳል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን የፋይል ሰርቨሩንና የፕሪንተሩን ስም የሚያውቀው የመሥሪያ ቤቱ ዲኤንኤስ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ሲቀየር ድረ ገጹ ተከፍቶ ፕሪንተሩ ይጠፋል። በዚያ ላይ የምንጎበኛቸው ስሞች ሁሉ ወደ ሌላ ድርጅት መሄድ ይጀምራሉ፤ ይህ ደግሞ ባለቤቱ አውቆ ሊወስነው የሚገባ ነገር ነው።

ጥፋቱ ከነጭራሹ ከእኛ ዘንድ የማይሆንበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ኔትወርኩን ሲጠግን በሠራው ስህተት የራሱ ዲኤንኤስ ሰርቨሮች ከኢንተርኔት ተቆራርጠው ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር። ያን ዕለት የትኛውም የዴስክቶፕ ቅንብር ፌስቡክን አይመልስም ነበር፤ የሌሎቹ ድረ ገጾች ስም ግን መልስ ይሰጥ ስለነበር፣ ሁለት ሦስት ስም የሞከረ ሰው ኮምፒውተሩን መነካካት እንደማያስፈልገው ማወቅ ይችል ነበር።