ትንሽ ድራም ትንሽ ድምፅ አይደለም

ለቤት ልምምድ የሚመረጠው አነስተኛ ድራም ከመደበኛው የሚለየው በመጀመሪያ በእግር በሚመታው ትልቅ ድራም፣ በኪኩ ነው። መድረክ ላይ የተለመደው ኪክ 22 ኢንች (56 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ስፋት አለው፤ አነስተኛው 16 ወይም 18 ኢንች ነው። ቶሞቹም ወደ 10 እና 13 ኢንች ይወርዳሉ። ስኔሩ ግን ብዙውን ጊዜ ያው 14 ኢንች ነው፤ ሃይ ሃቱና ሲምባሎቹም እምብዛም አይለወጡም።

ይህን ያላስተዋለ ሰው በጣም የተስፋፋውን ስህተት ይሳሳታል፦ ድራሙ ካነሰ ጩኸቱም ያንሳል ብሎ ያምናል። ጎረቤት ጆሮ ላይ የስኔሩ ፍንዳታና የሲምባሉ ፉጨትም ይደርሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ አልቀነሱም። ኪኩ ሲያንስ የሚለወጠው በዋናነት ቃናው ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ ቀጠን ይላል። ጉልበቱ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ የሰው ጆሮ «ድምፁ ግማሽ ሆነ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲወርድ፣ ማለትም ጉልበቱ አንድ አሥረኛ ሲቀር ነው። አነስተኛ ድራም የሚያተርፈው ቦታ ነው። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ስቱዲዮ የሚባለው ቤት ከ20 ካሬ ሜትር አይበልጥም፣ ባለ አንድ መኝታው ደግሞ ከ20 እስከ 30 ነው፤ አልጋና ሶፋ ከገቡበት በኋላ በሚተርፈው ጥግ ውስጥ ባለ 22 ኢንቹ ኪክ ሲቀመጥ በሩ አይከፈትም። ለዚህ ችግር ትንሹ ድራም በእርግጥ መፍትሔ ነው። ለጩኸቱ ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፦ በመረብ የተሠራ ሽፋንና ቀዳዳ የበዛባቸው የልምምድ ሲምባሎች። እነዚህ ትልቁንም ድራም ቢሆን በእጅጉ ያለዝቡታል።

ሁለተኛው እምነት ኤሌክትሮኒክ ድራም ድምፅ የለውም የሚለው ነው። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደረገው ድራመር የሚሰማው ሙዚቃውን ብቻ ስለሆነ ይህን ማመኑ አይገርምም። ችግሩ ከታች ያለው ጎረቤት የሚሰማው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። የኪኩ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ጉልበቱ በመቆሚያው በኩል ወለሉ ውስጥ ይገባል፤ የኮንዶሚኒየም ወለል ደግሞ ኮንክሪት ነውና ንዝረቱን ተቀብሎ ወደ ታችኛው ቤት ጣሪያና ወደ ግድግዳዎቹ ያደርሰዋል። ከታች የተኛ ሰው የሚሰማው ዜማ የሌለው ድም ድም ነው፤ ምናልባት ከእውነተኛው ድራም የበለጠ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ምንጣፍ ይህን አያቆመውም። ምንጣፍ የሚረዳው ድራሙ እንዳይንሸራተትና በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባው ድምፅ ትንሽ እንዲለዝብ ነው። ንዝረትን የሚሰብረው በወለሉና በድራሙ መካከል የሚገባ ምንጭ መሰል ነገር ነው። ድራመሮች ዘንድ የታወቀው ዘዴ ሁለት ኮምፔንሳቶ ጣውላዎችን በመካከላቸው በተደረደሩ የቴኒስ ኳሶች ለያይቶ ድራሙን ከላይ ማስቀመጥ ነው፤ ኳሶቹ እንዳይንከባለሉ የታችኛው ጣውላ ላይ ክብ ቀዳዳ ይቆረጥላቸዋል። ኳስ ከጠፋ በልኩ የተነፋ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክም ይሠራል፤ ከመጠን በላይ ከተነፋ ግን እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ከንቱ ይሆናል።

በአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ሁለት ዓይነት ቤት ጎን ለጎን ስለሚገኝ ነገሩ እንደ ቤቱ ይለያያል። በአንድ በኩል ፎቅ ኮንዶሚኒየም አለ፤ በሌላ በኩል በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ የግቢ ቤት። በግቢ ቤት ወለሉ መሬት ላይ ስላረፈ ከታች የሚረበሽ ሰው የለም፤ ኤሌክትሮኒክ ድራም እውነትም ዝም የሚለው እዚያ ነው። እውነተኛው ድራም ግን በተቃራኒው እዚያ ይብስበታል። ድምፁ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍተት ይወጣል፣ በኮርኒሱ ላይ አልፎም ሦስተኛው ቤት ይደርሳል።

መፍትሔ ተብሎ የሚለጠፈው የእንቁላል መያዣ ካርቶን ይህን ክፍተት አይደፍንም። ካርቶኑ ቀላል ነው፤ ድምፅን የሚያግደው ክብደትና የታሸገ ክፍተት ነው። ቢበዛ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል፤ ድራመሩ «ድምፁ ጠፋ» ሲል ጎረቤቱ ምንም ለውጥ አላየም። እሳት ቢነሳ ቶሎ የሚያያዝ ነገር በግድግዳ ሙሉ መለጠፉም ለብቻው አሳሳቢ ነው።

ሙሉ ድራም ሳይኖር ልምምድ የለም የሚለው እምነት ሌላው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ይህን ለማስተባበል በቂ ይመስላል። አንድ አካል ብቻ ነው፤ ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ አፍ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ በሁለት እጅ የሚያዘው ሰው ከዚያች አንዲት ዕቃ የሚያወጣው ምት ማኅበረ ምእመናንን ያስወዛውዛል። በድራምም ቢሆን በ6/8 የሚቆጠረው ችክችካ ኪክ፣ ስኔርና ሃይ ሃት ካገኘ ተሟልቶለታል፤ ቶሞቹ ለማሸጋገሪያ የሚነኩ ናቸው። የእጅ ልምምድ ደግሞ ከዚህም ባነሰ ይሠራል። በአዲስ አበባ ብዙ ድራመሮች መጀመሪያ ስቲክ የያዙት በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድራም አንድ፣ ተራ የሚጠብቀው ተማሪ ብዙ ነው። ቤት ውስጥ የሚቀረው የልምምድ ፓድ፣ ማለትም ስቲክ የሚመታበት የጎማ ሰሌዳ ነው። ከኮልፌ ብዙም በማይርቀው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የሚገኝ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ጣውላ ላይ ቢጣበቅ ለፓድ ይበቃል። ስቲኩ በጎማ ላይ የሚነጥረው ከስኔሩ ትንሽ በልጦ ስለሆነ ለእጅ ጉልበት ግን አልፎ አልፎ ትራስ ላይ መምታት ይሻላል፤ ትራስ ምንም አይመልስም፣ እጁ ራሱ ያነሳዋል።

ግዢን በተመለከተ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ኤሌክትሮኒክ ድራም ሶኬት ብቻ ተቀይሮለት ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። አዳፕተሩ ላይ 100-240 ተብሎ ካልተጻፈ የሶኬት መቀየሪያው አዳፕተሩን ወይም ድምፁን የሚያመነጨውን ሞጁል ለማቃጠል ብቻ ይጠቅማል። አዳፕተሩን እዚህ ለመተካት ቮልቱ ብቻ ሳይሆን የመሃሉ ፒን አዎንታዊ ወይም አሉታዊ መሆኑም መመሳሰል አለበት። ባለ 16 ኢንች ኪክ ለሚገዛ ደግሞ አንድ የማይነገር ነገር አለ፦ ኪኩ ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ማንሻ ከሌለው የፔዳሉ መዶሻ የሚያርፈው ከመሃሉ በላይ ነው። በአንጻሩ 16 ኢንች የወለል ቶም ልክም ስለሆነ የሚተካ ሽፋን ማግኘቱ ቀላል ነው።

ድራምን ፀሐይ ማስመታት ከከበሮ የተወረሰ ልማድ ሳይሆን አይቀርም። የከበሮ ቆዳ በክረምት እርጥበት ይላላል፣ ሲሞቅ ይወጠራል። የድራም ሽፋን ግን ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ እርጥበት አያላላውም። ፀሐይ የሚጎዳው እንጨቱን ነው።

በቀን ምንም ያህል ቢጮህ ክልክል የለም የሚለውም ልክ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ያካትታል፤ የአካባቢ ጥበቃ መመሪያው ለመኖሪያ ሰፈር ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ቀን የሚባለውም ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው።

ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ግን የድራመሩ የራሱ ጆሮ ነው። የአሜሪካ የሥራ ላይ ደኅንነት ተመራማሪዎች በሚጠቀሙበት ስሌት 85 ዴሲቤልን 8 ሰዓት መስማት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቆረጣል፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ይቀራል። በጠባብ ክፍል በኃይል የሚመታ ድራም 100 ያልፋል። ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ጥጥ ከዚህ አያድንም፤ ድምፁን የሚቀንሰው እጅግ ጥቂት ነው። ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚያብጠው የስፖንጅ መድፈኛ ወይም የግንባታ ሠራተኛ የሚያደርገው የጆሮ መሸፈኛ ግን 20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል።